ከስልክ ጋር የሚገናኝ የሳሕን ማጠቢያ መኪና ስለ መምረጥ

ምግብ በጥንቃቄ ታጥቦና በሚገባ በስሎ ቢሠራም፥ የሚቀርብበት ሳሕን ርኩስ ከሆነ የወጥ ቤቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከትናንት ወጥ የቀረ ቅባት፥ በሹካ ጥርሶች መካከል የደረቀ ፍርፋሪ፥ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ከዋለ ጨርቅ ወደ ብርጭቆ የተላለፈ እድፍ፥ እነዚህ ሁሉ በዐይን ለማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን መራቢያ ይሆናሉ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ባለበት ቤት ሕመሙ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው በጋራ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ሳሕን በምንና እንዴት እንደሚታጠብ መጠየቅ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ በአፓርታማ ከሚኖሩት ቤተሰቦች መካከል የሳሕን ማጠቢያ መኪና የሚገዙ አሉ። ከእነዚህም መኪናዎች አንዳንዶቹ በኢንተርኔት አማካይነት ከእጅ ስልክ ጋር የሚገናኙ ናቸው። ሻጩ ስለ ስልኩ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ውኃው ሙቀት ግን ካልጠየቁት አይናገርም። የገዢው አጠያየቅ የዚህ ተቃራኒ ሊሆን ይገባል፤ አስቀድሞ ስለ ሙቀቱ፥ ቀጥሎ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ፥ በመጨረሻ ስለ ስልኩ።

መኪናው ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፥ በሼልቢቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩ ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክሬን የተባሉ ሴት፥ ውኃን በግፊት እየረጨ ሳሕን የሚያጥብ መኪና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተቀበሉበት፤ በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው ዓለም ዐቀፍ ኤግዚቢሽን ላይም አሳዩት። ዛሬም የሥራው ዘዴ በመሠረቱ ያው ነው። መኪናው ጥቂት ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ያሞቀዋል፤ በሚሽከረከሩ ክንፎች አማካይነት በሳሕኖቹ ላይ ይረጨዋል፤ ያንኑ ውኃ እያጣራ ደጋግሞ ይሠራበታል፤ በኋላም ያፈሰውና በንጹሕ ውኃ ያለቀልቃል። ስልክ ተጨመረበት እንጂ ሳሕኑን የሚያጸዳው አሁንም ሙቀት፥ ሳሙናና የውኃው ግፊት ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ መኪናው ከእጅ የሚበልጥበት በተለይ በሙቀቱ ነው። የሰው እጅ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ አይችልም። መኪናው ግን ውኃውን እስከ 65 ወይም 70 ዲግሪ አድርሶ ለብዙ ደቂቃዎች ሊያቆየው ይችላል። በአሜሪካ ለቤት መኪናዎች የወጣው ኤን ኤስ ኤፍ 184 የተባለው የጤና መመዘኛ፥ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ቢያንስ 150 ዲግሪ ፋራናይት፥ ማለትም ወደ 66 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲደርስና ከ100,000 ባክቴሪያዎች 99,999ኙ እንዲወገዱ ያዛል። ይህን መመዘኛ ያሟላ መኪና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በመመዘኛው ያልተመረመረ ቢሆንም እንኳ 65 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርስ ፕሮግራም ያለው መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከአውሮፓ በሚመጡት መኪናዎች ላይ ከሀ እስከ ሰ እንደ ማለት ከኤ እስከ ጂ ባሉት ፊደሎች ደረጃ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል። ገዢውም «ኤ ከሆነ ከሁሉ ይሻላል» ይላል። ነገር ግን ይህ ደረጃ የሚለካው የኤሌክትሪክ ቁጠባን ነው፤ የሚሰላውም ኢኮ በተባለው ፕሮግራም ነው። ኢኮ ደግሞ የሚቆጥበው ውኃውን እምብዛም ሳያሞቅ፥ ብዙውን ጊዜ በ50 ዲግሪ አካባቢ፥ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ እየታጠበ በመቆየቱ ነው። ለዕለት ተዕለት ሳሕን ይህ በቂ ነው። የሕፃን ጡጦ፥ የታመመ ሰው የበላበት ዕቃ ወይም ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት የፕላስቲክ መክተፊያ በሚታጠብበት ጊዜ ግን፥ ዕቃው ሙቀት የሚችል መሆኑ ከታየ በኋላ ሙቀቱ ከፍተኛ የሆነውን ፕሮግራም መምረጥ ያስፈልጋል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ስለ መብራት ሒሳብ እንጂ ስለ ተሐዋስያን የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ መኪና የሚሰጠው አገልግሎት ይህ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማስጀመር፥ እጥበቱ ሲያልቅ መልእክት መላክ፥ ጨው ወይም የማንጸባረቂያ ፈሳሽ ሲያልቅ ማስታወቅ፥ ውኃ ሲያፈስ ማስጠንቀቅ፥ አልፎ አልፎም ከፋብሪካው አዲስ ፕሮግራም መቀበል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የሚጠቅመው የማፍሰሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው ውኃውን አያቆመውም፤ የሚያቆመው በመኪናው ወይም በቧንቧው ራስ ላይ ያለው መዝጊያ ስለሆነ፥ ይህ መዝጊያ መኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል። ከሩቅ ስለ ማስጀመሩ የሚነገረው ግን ከሚገባው በላይ ነው። ሳሕኑን የሚደረድረውና ሳሙናውን የሚጨምረው ሰው ስለሆነ፥ ያው ሰው በዚያው ጊዜ ቁልፉን ቢጫን ምን ይቀርበታል?

ሊጠነቀቁበት የሚገባው ዋና ነገር ሌላ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ፊት ለፊት ያሉትን ቁልፎች እያጎደሉ፥ አንዳንድ ፕሮግራሞችን በስልክ ብቻ እንዲገኙ አድርገዋል። ስልኩ ደግሞ በቀጥታ ከመኪናው ጋር ሳይሆን በውጭ አገር ካለው የፋብሪካው ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ይበዛል። እንግዲህ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን፥ ወይም ፋብሪካው ከዓመታት በኋላ ያንን አገልግሎት በዘጋ ጊዜ፥ ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ፕሮግራም ያጣል። ያ በስልክ ብቻ የሚገኘው ፕሮግራም ለጤና የሚያስፈልገው ከፍተኛው ሙቀት የሆነ እንደሆነ፥ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ ገዢው በሱቁ ውስጥ ቆሞ፥ ስልክ ሳይነካ፥ በመኪናው ቁልፎች ብቻ ከፍተኛውን የሙቀት ፕሮግራም አስመርጦ ማየት ይገባዋል። ይህን ማሳየት ያልቻለ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

አብዛኛዎቹ መኪናዎች የሚገናኙት 2.4 ጊጋኸርዝ በተባለው የዋይ ፋይ ሞገድ ብቻ ነው። በቤቱ የራሱ መስመር ሳይኖር ከእጅ ስልክ ኢንተርኔት የሚያካፍል ቤተሰብ ደግሞ፥ የስልኩ ባለቤት ከቤት ሲወጣ መኪናው ከዓለም ተለይቶ እንደሚቀር ይወቅ፤ እንዲህ ላለው ቤት ለግንኙነቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ጥቅም የለውም።

በአገራችን ከስልኩ ይልቅ የሚያሳስበው የመብራትና የውኃ መቋረጥ ነው። እጥበቱ በተጀመረ በግማሽ ሰዓት መብራት ቢጠፋ፥ በመኪናው ሆድ ውስጥ ሞቅ ያለ፥ የምግብ ትርፍራፊ የተቀላቀለበት ውኃ ከሳሕኖቹ ጋር ተዘግቶ ይቀራል። ይህ ለባክቴሪያ የተመቸ ቤት ነው። መብራት ሲመለስ ካቆሙበት ቦታ የሚቀጥሉ መኪናዎች አሉ፤ ሥራውን የሚሰርዙም አሉ፤ የትኛው እንደሆነ መመሪያውን አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል። መቋረጡ ለብዙ ሰዓት ከቆየ፥ ምንም እንኳ መኪናው ራሱ ቢቀጥል፥ ከመጀመሪያው አንሥቶ በከፍተኛ ሙቀት እንደገና ማጠብ ይገባል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ኃይልም የመኪናውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ስለሚጎዳ፥ ጉልበቱ የሚመጥን ስታብላይዘር ማድረግ መልካም ነው። መኪናው ውኃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፥ ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ አብሮ እንዲሠራ ማድረግ አደጋ አለው።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች መኪናው የሚጠጣው በጣራ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ቢያንስ ግማሽ ባር የሚሆን የውኃ ግፊት ይፈልጋሉ። ይህም ማለት የሮቶው ውኃ ከመኪናው በላይ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መገኘት አለበት ማለት ነው። ሮቶው በአንድ ፎቅ ቤት ጣራ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህ ስለማይሟላ፥ ፓምፕ ካልተጨመረ መኪናው ውኃ አጣሁ ብሎ ይቆማል። ሮቶው ራሱ ካልታጠበና ካልተከደነ ደግሞ ሳሕኑን በቆሻሻ ውኃ ማለቅለቅ ይሆናል።

የውኃው ዓይነትም ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ከዝናብና ከወንዝ የተጠራቀመ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን ከከርሰ ምድር ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃም ብዙውን ጊዜ ማዕድን ይበዛበታል። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ በብርጭቆ ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል፤ የማሞቂያውንም ብረት እየሸፈነ ሙቀቱን ያደክማል። ለዚህ መድኃኒቱ ውኃ የሚያለሰልስ የጨው ማስቀመጫ ያለውን መኪና መምረጥ ነው። የሚጨመረው ጨው ለዚሁ የተዘጋጀው ደረቅ ቅንጣት ነው እንጂ የወጥ ጨው አይደለም።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች እንዲህ ያለውን ዕቃ በስጦታ የሚልኩበት ጊዜ ስላለ አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ለቤት የሚሸጠው መኪና የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ አገር ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የሳውዲ ዓረቢያውም 60 ኸርዝ ነው። ይህ ጸሐፊ በሚያውቀው በአንድ ቤት ልጅየው ለእናቱ በመርከብ የላከው የሚያምር መኪና አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህም በቀር ለአንድ አገር የተሠራ መኪና በሌላ አገር ስልክ ላይ አልመዘገብም ሊል ይችላል። ከአውሮፓ የሚገዛ ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት እንደ በር ላስቲክ፥ የውኃ መርጫ ክንፍና ማጣሪያ ያሉት መለዋወጫዎች ለ10 ዓመት ለተጠቃሚው መገኘት አለባቸው።

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ማናቸውም ዕቃ እንደ አንድ መስኮት መቆጠር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ለሆስፒታልና ለላቦራቶሪ በተሠራ በአንድ የጀርመን ዕቃ ማጠቢያ ላይ፥ በዚያው መረብ ላይ ያለ ሌላ ሰው የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ፋይል ሊያነብ የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ማውጣትን ይከለክላል፤ ፋብሪካውም የደኅንነት እድሳት እስከ መቼ እንደሚሰጥ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። የዚህን የእድሳት ዘመን ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። መኪናውም ሲሸጥ ወይም ቤት ሲለቀቅ ከስልኩ ላይ ያለውን ምዝገባ ማጥፋት አይረሳ።

መኪና የሌለው ቤተሰብ ተጎዳሁ ብሎ እንዳያዝን። በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ መኪናው የሚበልጠው ቧንቧ ከፍቶ እያፈሰሰ ለሚያጥብ ሰው መሆኑን ገልጿል፤ በአንዱ ገንዳ በሙቅ ውኃና በሳሙና እያጠበ በሌላው በቀዝቃዛ ውኃ የሚያለቀልቅ ሰው ግን ከመኪናው ያነሰ ኃይል ያባክናል። ይህ በሁለት ሳፋ የሚደረገው እጥበት በብዙ ቤቶቻችን የታወቀ ነው፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ የማለቅለቂያውን ውኃ ቶሎ ቶሎ መለወጥና ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወል ይልቅ ደፍቶ በአየር ማድረቅ ነው።

መኪና ያለውም ቢሆን የጀበናውን፥ የሸክላ ድስቱንና የእንጨቱን ዕቃ በእጅ ያጥብ፤ ሸክላና እንጨት ሳሙናውን ይመጣሉ፤ የአሉሚኒየም ድስትም በመኪናው ሳሙና ይጠቁራል። የቅቤና የዶሮ ወጥ ቅባት ማጣሪያውን ስለሚደፍን፥ ትርፍራፊው ተጠርጎ ይግባ፤ ማጣሪያውም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ወጥቶ ይታጠብ። በ18 አገሮች ከሚገኙ 189 የቤት መኪናዎች ናሙና ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፥ ከመቶ 62ቱ በበሩ ላስቲክ ላይ ፈንገስ ተገኝቶባቸዋል። ላስቲኩን በየጊዜው እየወለወሉ ማድረቅ፥ ከእጥበት በኋላም በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ይህን ይቀንሳል። ይህንንም ሥራ የሚያከናውን ስልክ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ስለ ሳሙናው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪናው ሳሙና በእጅ ከሚታጠብበት ሳሙና እጅግ የበረታ ስለሆነ የአፍንና የጉሮሮን ሥጋ ያቃጥላል። በትንንሽ ጥቅል የሚሸጠው ዓይነት ደግሞ በቀለሙ ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናትን ይስባል። ስለዚህ ሕፃን በማይደርስበት ከፍተኛ ቦታ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ በመኪናውም ውስጥ የሚጨመረው በሩ ሊዘጋ ሲል ብቻ ነው። ሕፃን ቢውጠው እንዲያስመልሰው ማስገደድ አይገባም፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። አፉን በውኃ ማለቅለቅ፥ ዐይኑ ውስጥ ከገባም ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፥ ከዚያም የሳሙናውን መያዣ ይዞ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው።