የሞተር ሳይክል አየር ማስገቢያን ከውኃ መጠበቅ

በከምባታ ዞን፣ በሺንሺቾና አካባቢዋ በክረምት ጅረት የሚሻገሩ የሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች የአየር ማስገቢያውን ከፍታ አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል። ማስገቢያው በአብዛኛው ከመቀመጫው ሥር ስለሚገኝ፣ ውኃው ወደዚያ የሚደርስ ከሆነ መሻገሩን መተው ይገባል። የደፈረሰ ጎርፍ ከሆነማ እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው።

ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ፒስተኑን ያግዳል፤ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግም ሊያጣምም ይችላል። በመሆኑም ውኃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ወዲያው ለማስነሳት መሞከር አይገባም፤ ብዙዎች በችኮላ ደጋግመው እየረገጡ ጉዳቱን ያብሱታል። በቅድሚያ ቁልፉ ተዘግቶ ካንዴላው ይፈታል፤ ከዚያም የእግር ማስነሻው በዝግታ ሲረገጥ ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊልትሮው መድረቅ አለበት፤ የስፖንጅ ከሆነ ከደረቀ በኋላ የፊልትሮ ዘይት ይቀባል። የሞተር ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳም።