ስቴሮይድ ያልበገረው አስም ከጉና ግርጌ ሲታይ

ክረምት ሲገባ የጉና ተራራ ጉም ይለብሳል። ደብረ ታቦርና ፋርጣ፣ እስቴና ጋይንት በሩን ዘግቶ እሳት ይሞቃል። ኩበቱና የባሕር ዛፉ ቅጠል በሚጨስበት ጎጆ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል።

አብዛኛው አስም በሚሳብ ስቴሮይድ ይገራል። ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ በየቀኑ በአግባቡ ከተሳበ የአየር ቧንቧው እብጠት ይበርዳል። ጥቂቶች ግን ከፍተኛውን መጠን እየወሰዱም ይታፈናሉ፤ በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት ከ100 የአስም ታማሚዎች ከ4 ያነሱ ናቸው ይላል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በፕሬድኒሶሎን ኪኒን ይገፉ ነበር። ኪኒኑ ትንፋሽ ቢሰጥም አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል።

ባለፉት ከሁለት አሥርት በላይ ዓመታት ለእነዚህ ታማሚዎች የመጡት መርፌዎች ስቴሮይድ እንደሚያደርገው መላውን የመከላከያ ሥርዓት አያፍኑም፤ የእብጠቱን አንድ መንገድ ለይተው ይዘጋሉ። በአሜሪካ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈቀደው ኦማሊዙማብ አይጂኢ የተባለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። በ2015 የተፈቀደው ሜፖሊዙማብ ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች የሚያበዛውን መልእክት ይቆርጣል። ቤንራሊዙማብ (2017) እና ዱፒሉማብ (2018) ተከተሉ። ቴዜፔሉማብ (2021) ደግሞ ወደ ምንጩ ወጥቶ የአየር ቧንቧው ሽፋን የሚያሰማውን የመጀመሪያ ጩኸት ያስቆማል።

የሜፖሊዙማብ ታሪክ ልብ ሊባል ይገባዋል። መጀመሪያ ኢዮሲኖፊላቸው ሳይለይ ለአስም ታማሚዎች ሲሰጥ ውጤት አላሳየም፤ ሊጣልም ተቃርቦ ነበር። በ2009 ግን ኢዮሲኖፊላቸው ስቴሮይድ እየወሰዱም ያልወረደላቸው ሰዎች ተመርጠው ሲሞከር የአስም መባባሱ በግልጽ ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የታማሚው ምርጫ ነው። ምርጫው የሚነበበው ከደም ቆጠራ ነው፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 150 ወይም 300 ኢዮሲኖፊል እንደ መስፈርት ይወሰዳል።

ለእኛ አገር ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ኢዮሲኖፊልና አይጂኢ በአለርጂ ብቻ አይጨምሩም፤ ወስፋትም፣ መንጠቆ ትልም፣ ከጣና ዳር እስከ ፎገራ ያለው ቢልሃርዚያም ከፍ ያደርጋቸዋል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ደሙ 600 ቢያሳይ ምክንያቱ አስሙ ይሁን ትሉ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። ጥያቄው በአገራችን አዲስ አይደለም። በጅማ አካባቢ ተጠንቶ በ2001 በላንሴት መጽሔት የታተመ ሥራ መንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች የአስም ሲርሲርታ እንደሚያንስባቸው አሳይቷል። በብራዚል ደግሞ የትል ሥጋት ላለባቸው ሰዎች ኦማሊዙማብ ሲሰጥ የትል መያዝ በመጠኑ ከፍ ወደ ማለት አዘንብሏል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራና የትል መድኃኒት ከመርፌው መቅደም አለባቸው። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትልማ የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ለሚወስድም ያስፈራል፤ ስቴሮይድ ሲያገኝ በሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሊገድል ይችላል።

ሌላው የምድጃው ጭስ ነው። ጭስ የሚቀሰቅሰው እብጠት ብዙ ጊዜ በኢዮሲኖፊል ሳይሆን በኒውትሮፊል የሚመራ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ አብዛኞቹ መርፌዎች ብዙም አይረዱም። በጭስ ውስጥ ለምትውል እናት ጭስ የማይበትን ምድጃ ከማንኛውም መርፌ ይቀድማል።

መርፌዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለባቸው። በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣሉ። ይህን ዋጋ የጋይንት ገበሬ ይቅርና ደመወዝተኛም አይችለውም። እኔ ግን «የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚለውን አልቀበልም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳንባ ስፔሻሊስቶች እየሠለጠኑ ነው። አንዱ ደብረ ታቦር ቢመደብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ታማሚው የሚሳበውን ስቴሮይድ በእርግጥ አግኝቷል? ወይስ ያለው ለጊዜው የሚያስታግሰው የሳልቡታሞል ፓፍ ብቻ ነው? አሳሳቡስ ትክክል ነው? ብዙው «መድኃኒት አልበገረው» የተባለ አስም መድኃኒቱ ያልደረሰው ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የሚታፈኑ ይኖራሉ። ለእነሱ 300 የሚለው መስፈርት ትል በማይበዛባቸው አገሮች የተለካ ነው፤ የፎገራው ገበሬ ቁጥር ስንት መሆን እንዳለበት እዚሁ፣ በእኛው ደም መለካት ይኖርበታል።