ብሮሹን ገልብጡት፦ የድሮ ጌጥ እንዴት ይታወቃል?

ዛሬ የምናወራው ስለ ቪንቴጅ አርቴፊሻል ጌጣጌጥ ነው፤ ወርቅም አልማዝም ያልሆነ፣ ግን ዕድሜ ያለው። ያፎ ሹክ ሃፒሽፒሺም ሄዳችሁ ጠረጴዛ ላይ የተከመረውን ስታዩ የቱ የድሮ፣ የቱ የትናንት እንደሆነ ግራ ይገባል። ለጀማሪ ምክሬ አንድ ነው፦ ገልብጡት! ፊቱ ያምራል፣ የሚናገረው ግን ጀርባው ነው።

መጀመሪያ ማህተም ፈልጉ። የስልካችሁ ካሜራ እንደ አጉሊ መነጽር ይሠራል። ለምሳሌ ትሪፋሪ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በብዙ ጌጦቹ ላይ ትንሽ ዘውድ ያትም ነበር። ከስሙ አጠገብ ክብ ውስጥ ያለችውን የቅጂ መብት ምልክት ካያችሁ፣ ጌጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ1955 ወዲህ የተሠራ ነው። በዚያ ዓመት ትሪፋሪ በከሰሰበት ጉዳይ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የጌጥ ዲዛይን የቅጂ መብት እንዳለው ወሰነ። ማህተም ከሌለው ግን አትጣሉት፤ ብዙ የድሮ ጌጥ ምንም አልተጻፈበትም።

ቀጥሎ ፈርጡን እዩ። ስታዘነብሉት እንደ ቀስተ ደመና ቀለሙ የሚለዋወጥ መስታወት ኦሮራ ቦሪያሊስ ይባላል። ስዋሮቭስኪ ያወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ የ1930ዎቹ ነው» ካላችሁ አትመኑ።

አሁን ደግሞ የኔን ስህተት ልንገራችሁ። አያቴ አገር እንደገቡ የገዙት ብሮሽ ነበራቸው። ላጽዳላቸው ብዬ ሳሙናና ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ለካ ከመስታወቱ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ብርማ ሽፋን አለ፤ ውሃ ሲገባ ይጠቁራል። ፈርጦቹ ደበዘዙ፤ አይመለሱም። አያቴ ግን «ምን ይደረግ ልጄ፣ እኛም ደብዝዘናል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እናንተ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ተጠቀሙ። ሽቶና ክሬምም ጌጡን ከማድረጋችሁ በፊት ተቀቡ። ስትጀምሩ ሁሉንም አትግዙ፤ ብሮሽ ወይም የጆሮ ክሊፕ ብላችሁ አንዱን ምረጡ፣ ርካሹን እየገዛችሁ ዓይናችሁን አሠልጥኑ። ከገበያው በፊት ግን የአያቶቻችሁን ሳጥን እዩ፤ ጌጡን ከየት እንዳገኙትም ጠይቁ። ያንን ጀርባው ላይ አታነቡትም።

እስከሚቀጥለው ክፍል፣ ለሂትራኦት!