«የኛው ውሻ ነው፤ ምንም አይለው!»



ሰሞኑን አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ ለልጆቼ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ቡችላ ላመጣ ነው፤ ለጤናቸው ችግር አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ስጀምር ብቸና እሠራ በነበረበት ጊዜ ያየሁት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ስለዚህ መልሱ ረዘም ብሏል፣ ታገሱኝ።

ልጁ 6 ዓመቱ ነው። እናቱ ያመጣችው ለሳል ነበር። ደረቱን አዳምጬ ከአልጋው ሲወርድ ሱሪው ከፍ አለና ከተረከዙ በላይ ደም የደረቀባቸው ሁለት ትንንሽ ቁስሎች አየሁ።

«ይሄስ ምን ነክቶት ነው?»

«ኧረ እሱ ምንም አይደል ዶክተር። ቡቺ ነው። ሲሯሯጡ ከትናንት ወዲያ ነከስ አደረገው።»

«ተከትቧል?»

«ልጁ? አዎ፣ ሁሉንም ጨርሷል።»

«አይ፣ ውሻውን ነው እህቴ።»

ሳቀች። «ውሻ ደግሞ ይከተባል እንዴ? የኛው ውሻ ነው፤ ምንም አይለው!»

ይቺን አባባል ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ሰው በማያውቀው ውሻ ሲነከስ ይደነግጣል፣ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ቤቱ ባሳደገው ውሻ ሲነከስ ግን ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት ቀብቶ ዝም ይላል። ልጆች ደግሞ ጭራሽ ይደብቁታል፣ ውሻው እንዳይገደልባቸው ብለው። ይሄኛውም ልጅ እናቱ ስትናገር አንገቱን ደፍቶ ሱሪውን ወደ ታች ይጎትት ነበር።

ስለ ቡቺ ጠየቅኩ። 5 ወሩ ነው። እናቱ ሞጣ አካባቢ ገጠር አያትየው ቤት ከብት ጋር የምትውል ያገሬው ውሻ ናት። አባቱ ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ ሰው «ሼፐርድ» የሚለው ክልስ። ጆሮው አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ሲያዩት የሚያስቅ። አያትየው ለልጅ ልጃቸው በካርቶን አድርገው ነው የላኩለት።

እዚህ ላይ ስለ ዝርያው ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ከብት የሚነዳው እረኛው እንጂ ውሻው አይደለም። የገጠር ውሻችን ሥራው ጥበቃ ነው፦ ከመንጋው አጠገብ ይተኛል፣ ጅብ ወይም ቀበሮ ሲሸተው ይጮኻል፣ ያባርራል። ጀርመን ሼፐርድ ግን ስሙም እንደሚለው እረኛ ነው። ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን የጦር መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ዝርያውን ማስመዝገብ ሲጀምር መነሻ ያደረገው የበግ እረኛ ውሾችን ነበር። እነዚህ ውሾች አጥር በሌለው ማሳ ዳር ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ እየሮጡ በጉ ወደ ሰብል እንዳይገባ የሚከለክሉ፣ እንደ ሕያው አጥር ያሉ ናቸው። መስመር ያለፈ በግ ካለ ቆንጠጥ አድርገው ይመልሳሉ።

አሁን እንዲህ ያለ ደም ያለበትን ቡችላ ብቸና ከተማ ጠባብ ግቢ ውስጥ አስቡት። በግ የለም፣ ማሳ የለም። የሚሮጠው ምንድን ነው? ልጅ! ስለዚህ ልጁን ይነዳዋል። ይዞረዋል፣ ፊቱ ይደቀናል፣ ሲያመልጠው ተረከዙን ቀጭ ያደርገዋል። ክፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። ልጁ ሲጮህና ሲሮጥ ደግሞ ይብስበታል።

መፍትሔው ዱላ አይደለም። የተመታ ቡችላ የሚማረው እጅን መፍራት ነው፣ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይናከሳል። ልጆቹን «ሲነክሳችሁ እንደ ዛፍ ቀጥ በሉ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ አትጩሁ» ብላችሁ አስተምሩ። ወዲያው ገመድ ወይም አሮጌ ጨርቅ አቀብሉት፣ ጥርሱን እዚያ ላይ ይጨርስ። በቀን ሁለት ጊዜ አውጥታችሁ አሩጡት፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሲፈታ እንደ እብድ ቢሆን አይገርምም። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ወይም ግልገሎች ሲኖሯት አይነካም፣ አይነካም። ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ከማንኛውም ውሻ ጋር ለብቻቸው አትተዉ፣ ምንም የዋህ ቢሆን። የአንድ ልጅ ፊት እኮ የሚገኘው በውሻው አፍ ልክ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። የቡቺ ንክሻ ጨዋታ ነበር፣ በዚህ እናትየው ልክ ናት። ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ማታ የት ያድራል?»

«ማታማ ይፈታል። በሩን እንከፍትለታለን፣ ደርሶ ይመጣል። እንዲያውም ከወር በፊት የሰፈር ውሾች ነክሰውት ጆሮው ቆስሎ ነበር።»

ብዙ ከተሞቻችን ውስጥ ልማዱ ይሄ ነው። ብቸናም ሞጣም፣ አዲስ አበባም ቢሆን ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ ውሻ ሞልቷል። ሌሊት ቆሻሻ መጣያው ጋ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይጣላል፣ ጠዋት ጭራውን እየቆላ ከልጆች ጋር ይጫወታል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

የእብድ ውሻ በሽታ፣ ማለትም ራቢስ፣ በነከሰው ውሻ ምራቅ ይገባል፣ በነርቭ በኩል ቀስ ብሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፤ በሳምንት የሚወጣበት፣ ዓመት የሚቆይበት ጊዜም አለ። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለንም ማለት ይቻላል። ተማሪ እያለሁ አንድ ወጣት እረኛ አይቻለሁ። ውሃ በኩባያ ስናቀርብለት ጉሮሮው ጭብጥ ይልና ፊቱን ያዞር ነበር፣ እየጠማው። ከወራት በፊት የነከሰው የራሱ ውሻ ነበር። አእምሮው በመሃል በመሃል ጥርት ይልና «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። ከዚህ በላይ ባልናገር ይሻላል።

በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለጎጃም ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በወሎና በጎጃም ውሾች ላይ ወረርሽኝ እንደነበረ ተመዝግቧል። የሚገርመው በዓመቱ፣ በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ.፣ ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የሚባል በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። ከ130 ዓመት በላይ ሆኖናል፣ ክትባቱ አለ፣ እኛ ግን ገና «የኛው ውሻ ነው» እንላለን።

በዚያን ቀን ያደረግነው ይሄ ነው። ቁስሉ ሁለት ቀን ቢሆነውም በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጠበ። (ቤት ውስጥ፣ እንደተነከሳችሁ ወዲያው ብታደርጉት ደግሞ ከምንም በላይ ይጠቅማል። ተራ ሳሙና ይበቃል።) ክትባቱን የዚያኑ ዕለት ጀመርን። ቁስሉ ስለደማ፣ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር የሚከላከል ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም ቁስሉ ዙሪያ መወጋት ነበረበት። እሱ በአገራችን እንደልብ አይገኝም፤ ስልክ ስንደውል ውለን በማግሥቱ ተገኘ።

አባትየው ሲመጣ ተቆጣ። «ውሻው እኮ ደህና ነው፣ እየበላ ነው! ልጁን በመርፌ የምታስጨርሱት ለምንድን ነው?» አልፈርድበትም። የድሮው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ለብዙ ቀን የሚወጋ ነበር፤ ሰው ያንን ነው የሚያስታውሰው። ያሁኑ ጥቂት መርፌ ነው፣ ክንድ ላይ፤ ትንንሽ ልጆች ጭን ላይ። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀንና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወሰዳል፤ ጤና ተቋሙ የሚከተለው ሌላ መርሐ ግብር ካለ የተነገራችሁን ቀን ያዙ። «ውሻውን አትግደለው፣ አትልቀቀውም። ለብቻው አስረህ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ጠብቀው። 10 ቀን ደህና ከሆነ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ ክትባቱን እናቆማለን። እስከዚያ ግን አንጠብቅም» አልኩት። እያጉረመረመ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናትየው ደወለች። «ዶክተር፣ ቡቺ አጥንት ጉሮሮው ላይ ሳይቀርበት አልቀረም። አፉን መዝጋት አቃተው፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ ድምፁም ጠፍቷል። አባቱ ሊያወጣለት...»

«እጁን እንዳያስገባ!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይቺን ያዙልኝ። ሁላችንም እብድ ውሻ ሲባል የሚታየን ምላሱን አውጥቶ ያገኘውን የሚነክስ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፣ ዝምተኛው። ውሻው ይደብታል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ አገጩ ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ማንንም ላይነክስ ይችላል። የሚወደው ሰው አጥንት የገባበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል።

ቡቺ በሁለተኛው ቀን ሞተ። አንጎሉ ላቦራቶሪ ስላልደረሰ በምርመራ የተረጋገጠ ነው አልልም፤ ምልክቱ ግን ለእኔ በቂ ነበር። አባትየው ለሃጩን ሲጠርግለት ስለነበር፣ እጁም የተሰነጣጠቀ ስለሆነ፣ እሱም ክትባት ጀመረ። አያትየው ከሞጣ ሲደውሉ ጸበል ይወሰድ ብለው ነበር። እኔ ጸበል አትሂዱ ብዬ አላውቅም፤ የመርፌውን ቀን ጠብቃችሁ ሂዱ ነው ያልኳቸው፣ እሳቸውም ተስማሙ። የሚያስፈራኝ ሥር በጥብጦ የሚያጠጣው ጋ ሄደው «ተሻለን» ብለው ቀኑን የሚያሳልፉት ናቸው። ልጁ አራቱንም መርፌ ጨረሰ። ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፣ ደህና ነው።

እንግዲህ ለጠያቂዬ፦ ቡችላውን አምጣው። ከእናቱ ግን ሁለት ወር ሳይሞላው አትለየው። እስከ 3 ወሩ ድረስ ልጆችን፣ እንግዳን፣ የባጃጅ ድምፅን፣ በግንም ቢሆን በእርጋታ አስለምደው፣ ያኔ የለመደውን በኋላ አይፈራም። 3 ወር ሲሞላው ለራቢስ አስከትበው፣ ከዚያ በየዓመቱ። የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቅ። ማታ ግቢህ ውስጥ ይደር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዓል ስለማይቀር። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ስናገኝ «ለውሻው ጣልለት» እንላለን አይደል? እሱ ውሃ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ የልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ የመሰለ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይሆናል። ስለዚህ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው የትል መድኃኒት ስጡ፣ ልጆች ከውሻ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ አይንኩ።

ከብቸና ልለቅ ስል ያ ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። አልታመመም። አያትየው ሌላ ቡችላ ልከውለት ኖሮ ሊያሳየኝ ነው። ቡችላው በር ላይ ታስሮ ይጮኻል። ልጁ ከኪሱ የታጠፈች ካርድ አወጣና ሰጠኝ፤ የውሻው የክትባት ካርድ። የስም ቦታው ላይ በእርሳስ፣ በራሱ እጅ፣ «ቡቺ 2» ብሎ ጽፎበታል።