ፒካፕ ባዶዋን አትወድም

ኅዳር ከገባ በኋላ ደባርቅ ላይ መኪና የማታ ማቆሚያዋ ይመረጥላታል። እኔ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ፣ የፊት ጎማዋ ሥር ታኮ ደግፌ አቆማታለሁ። ሌሊቱን ባትሪው በብርድ ቢደክም፣ ጠዋት ታኮውን አንስቼ አንደረድራትና በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ትነሳለች። ዘዴውን ማንም ተቀምጦ አላስተማረኝም፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያቆሙት። ከተማችን 2850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የወገራ ደጋ አልቆ የሰሜን ተራራ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ብርዱ ብረት ላይ ያድራል።

መኪናዬ ነጭ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ናፍጣ ናት፣ ፎር ዊል ናት፣ ሞተሯ ባለ 2.8 ሊትሩ አሮጌው «ስሪ ኤል» ነው። ለእርሻውም፣ ለገበያውም፣ ለለቅሶውም፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረሱም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ቶዮታ ይህን የፒካፕ ዘር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በእኛ አገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ እርዳታ ድርጅት፣ ከእህል ነጋዴ እስከ ሠርግ አጃቢ ሁሉም ስለሚነዳት መልኳን የማያውቅ የለም። ጠባይዋን ግን አብሯት የኖረ ነው የሚያውቀው።

ጠዋቷን ላስቀድም። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨፍልቆ ያግለዋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ነፍቶ የሚያውቅ ልጅ የፓምፑ ጫፍ ጣቱን እንዴት እንደሚፈጀው ያስታውሳል፤ ነገሩ ያው ነው። እንደኔ ባለው ሞተር ውስጥ 22 ሊትር የሚያህል አየር በአንድ ሊትር ቦታ እንደሚጠቀጠቅ ቁጠሩት። ከ500 ዲግሪ በላይ ይግልና ናፍጣው በደቃቁ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ደባርቅ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግን የሲሊንደሩ ብረት ራሱ በረዶ ስለሆነ ያንን ሙቀት ይመጠዋል። ስለዚህ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ፣ በውስጥ ያሉት ማሞቂያዎች እስኪግሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የምትመስል ቢጫ መብራት አለች። ስትጠፋ ይበቃል ይባላል፤ እኔ ቁልፉን መልሼ አንድ ጊዜ እደግማለሁ። ከዚያ ስትነሳ ታስላለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ በሦስት እግር እንደሚሄድ በግ ታነክሳለች። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ማንኳኳቷ ወደ ማጉረምረም ሲለወጥ አራቱም ሲሊንደሮች መንቃታቸውን አውቃለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነዳጅ ረግጦ የሚያስጮህ ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል።

ዋናው ጠባይዋ ያለው ግን ከሥሯ ነው። ከኋላ ጎማዋ ጎን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ተነባብረው የታሰሩ ቅስት ብረቶች ያገኛል። ባሌስትራ ይባላሉ። አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው። ለ10 ኩንታል የተሠራ ብረት ምንም ካልተጫነው አይታጠፍም። የረገጠውን ጉድጓድ ሁሉ እንዳለ ወደ ወንበሩ ያሳልፈዋል። ሞተሩም ጋቢናውም ፊት ላይ ስለሆኑ ባዶ ፒካፕ ኋላዋ ይቀላል። በጭቃ ትንሸራተታለች፤ ፍሬን ሲያዝባት ኋላዋ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለት ኩንታል ገብስ ወደ ጋቢናው ጠጋ አድርጋችሁ ጫኑባትና እዩ! ያቺው መኪና ትረጋለች፣ መንገዱን ትይዛለች፣ ወገብ ይድናል። ክረምት ላይ የሚጫን ሲያጣ በማዳበሪያ አሸዋ ሞልቶ የሚዞር ሾፌር አውቃለሁ።

እንግዲህ ፒካፕ ባዶዋን አትወድም። ደባርቅም ባዶዋን ስትሄድ ማየት አይወድም። ሁለቱ መግጠማቸው ነው እዚህ እንዲህ ያስወደዳት ብዬ አምናለሁ። ጎንደር ልሄድ ያሰብኩ ዕለት ለማንም ሳልናገር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ይዞራል። «ነገ ትወርዳለህ?» ይሉኛል። አንዷ እናት ዩኒቨርሲቲ ላለ ልጃቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ይልካሉ፣ አንዱ ሁለት ኩንታል ድንች፣ አንዱ የተበላሸ ወፍጮ ሞተር፣ አንዱ የላቦራቶሪ ወረቀት። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳባት ላይ ቆም እላለሁ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆም እላለሁ፣ በየቦታው የሚወርድና የሚጫን አይጠፋም። ስመለስ ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ዘይት። ሰው ከሞተ የእድሩ ድንኳን ብረትና ወንበር ስፖንዳዋን ከፍቶ ይጫናል፤ ሂሳብ የሚባል ነገር አይነሳም። ናፍጣውን የሚያግዝ ያግዛል፣ ያላገዘም በሌላ ቀን እንቁላል ይዞ ይመጣል።

ሰው ግን ከኋላ አልጭንም። ደንቡም ይከለክላል፤ ደንቡ ባይከለክልም እዚህ አገር ጠመዝማዛ ላይ ከጭነት በላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር የለም። ይህን ቃሌን ያፈረስኩበት አንድ ሌሊት አለ። ነሐሴ ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ አምጥተው መንገዱ የሚያልቅበት ወንዝ ዳር ይጠብቁኛል ተባልኩ። ስደርስ ስምንት ጎልማሶች በዝናብ ረጥበው፣ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ደርሰዋል። ልጅቷን ከኋላ ወንበር፣ ጭንቅላቷን አማቷ ጭን ላይ አስተኝተን ስንነሳ መኪናዋ በራሷ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ወርጄ የፊት ጎማዎቹ መሃል ያለውን ማዞሪያ በእጄ አዞርኩ፤ የድሮዎቹ ፎር ዊል የሚይዙት እንዲህ ነው። ኋላዋ ግን አሁንም በባዶው ይሽከረከራል። ከመሃላቸው ሽማግሌ የሚመስለው፣ «ወንድሜ፣ እኛ እንውጣባት?» አለኝ። ስምንቱም ወጥተው ወደ ጋቢናው ተጠጋግተው ቁጢጥ አሉ። ባሌስትራው ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ጎማው ነከሰ፣ ወጣን። ጠጠሩ መንገድ ላይ ስንደርስ ሁሉም ወርደው፣ ሁለቱ ብቻ ጋቢና ገብተው ደባርቅ ሆስፒታል ደረስን። ልጁ ወንድ ነው፤ አሁን ይሮጣል።

ወደ ከፍታው ልመለስ። በዚህ አገር ለመኪና ከመንገዱ ይልቅ አየሩ ይከብዳል። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ከጨነቅ በላይ መንገዱ 4200 ሜትር ገደማ ላይ የቧሂትን ተራራ ሲሻገር ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው። 90 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው የኔ ሞተር ደባርቅ ላይ 65 ቢሰጠኝ ነው። ፖምፓው ግን የአየሩን መሳሳት ሳያውቅ ናፍጣውን እንደ ቆላው ሊረጭ ይችላል። ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ስታዩ ማርሽ ቀንሱ እንጂ ነዳጁን አትርገጡ። ተርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ አየሩን ራሳቸው ገፍተው ስለሚያስገቡ ይህ ጭንቀት ብዙም የለባቸውም፤ ዘፈን ከፍተው ያልፉኛል።

ሌላም ነገር አለ። ደባርቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ለመብሰል የሚያስቸግረውም፣ ራዲያተር ቶሎ የሚፈላውም በዚህ ምክንያት ነው። ራዲያተሩን የሚጠብቀው ክዳኑ ነው፤ የክዳኑ ጎማ ደህና ከሆነ ውስጡን በግፊት ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ያረጀ ክዳን ጎንደር ላይ ሳያስታውቅ ይከርምና ሳንቃበር ዳገት ላይ ያጋልጣል። ለመንገድ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ከዘይቱም በፊት ያንን ክዳን ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ ወልክፍትን አልፎ ወደ ዛሪማ ከ1500 ሜትር በላይ ይወረዳል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ መጥቶ ጎንደር የገባው ይህንን ተራራ ወጥቶ ነው። የመኪናውን መንገድ በገደሉ ግድግዳ ላይ የቀደዱት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው። ወልክፍት ላይ መሽጎ የነበረው ጦራቸው አርበኞችና እንግሊዞች ከበውት ቆይተው መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ሰዎቹ ሄዱ፣ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። እስከ ዛሬ ጎሚስታው ቤት ሄጄ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ክሪክ ስል፣ መካኒኩ ጋ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ ስል የምናገረው በእነሱ ቃል ነው። አማርኛ ግን ውጦ የራሱ አድርጎታል፤ ጋቢና የሚለውን ቃል ባዕድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

መንዳት ያስተማሩኝ አዛውንት በዚህ መንገድ የጭነት መኪና ያመላለሱ ነበሩ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ በምትወጣባት ማርሽ ውረድ» አሉኝ። ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጣ ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማለታቸው ነው። ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ ፍሬኑን ለኩርባው ብቻ ታስቀምጠዋለህ። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግላል፣ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይይዛል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ሸራ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። ዛሪማ ስንደርስ ጋቢያቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና የአራቱንም ጎማ ቸርኬ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ለብ ያለ ነበር። ምንም አላሉኝም፤ ሻይ ጋበዙኝ።

አሮጌ ልግዛ ወይስ አዲስ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ናፍጣው ላይ ነው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን ይገዛል፤ የጀሪካን ናፍጣ ውሃም አፈርም ላምባም ይኖርበታል። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር የገዛሁት 20 ሊትር ውስጥ ውሃ ነበረበት። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቼ ወደ ጠርሙስ ሳወርደው ውሃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ ቆመ። የኔ አሮጌ ፖምፓ ተንገጫግጮ ታገሠው። አዳዲሶቹ ግን ናፍጣውን ከ1000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ እጅግ በቀጠነ ቀዳዳ ነው የሚረጩት፤ ያቺን ታህል ውሃ አይምሩም። ሲበላሹም በኮምፒዩተር ነው የሚመረመሩት፤ መፍቻ ብቻ የያዘ መካኒክ ምንም አያደርግላቸውም። ኑሮው ጎንደርና ደባርቅ መሃል አስፋልት ላይ ከሆነ አዲሱን፣ መካነ ብርሃንና ድል ይብዛ የሚመላለስ ከሆነ አሮጌውን ይያዝ እላለሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪኩም እጠየቃለሁ። እውነቱን ለመናገር የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ቧሂት ላይም ጉልበቱ ያው ነው፣ ሊማሊሞን ሲወርድም ባትሪውን ይሞላል። እንዲህ ያለች ባለ ባሌስትራ ፒካፕ ብትመጣ፣ መሙያውም በየከተማው ቢኖር፣ ለዚህ አገር የተፈጠረች ትሆን ነበር።

አንድ ነገር ከልቤ የምለምነው አለ። ወደ ጃናሞራ ወረዳ የሚወስደው የድሮ መንገድ የሚያልፈው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሃል ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ አንዱ ምክንያት መንገዱ ነበር። በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ከተመሰገነባቸው ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ለሚያልፈው ዋና መንገድ አማራጭ ለመፈለግ የተደረገው ጥረት ነው። በዚያ የምታልፉ ሾፌሮች፣ ጭላዳ መንገድ ሲያቋርጥ ክላክስ አታድርጉ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው የሚያልፉት፣ መንጋው ሁሉ እስኪያልፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለዋልያው፣ ለቀይ ቀበሮውም እንደዚያው።

ዛሬ ከዳባት የመጣሁት በባዶው ነው፤ የዘር ድንቹን አራግፌ። ቁርጥምጥም አድርጋኝ ገባች። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ፣ ታኮዋን አስገብቼ ቀና ስል የጎረቤቴ ልጅ ጆንያ እየጎተተ መጣ። «ጋሼ፣ እማዬ ነገ ትወርዳለህ ወይ ብላለች።» ጆንያው ነጭ ሽንኩርት ነው። ለአንድ ባሌስትራ ትንሽ ነው፤ ወደ ጋቢናው አስጠግቼ አሰርኩት።