ኮምፒዩተርና የወባ ምርመራ

አንድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ብርድ ብርድ ሲለው ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል። ጣቱን ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም ይሰጣል። በፈጣን መመርመሪያው ላይ የወባ መስመር ከወጣ ወባ አለበት። ካልወጣ ግን የለበትም ይባላል። ታዲያ ወባው በደሙ ውስጥ እያለ መመርመሪያው የለም ቢልስ? ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

የሰውም፣ የጤፍም፣ የወባ ተውሳክም ጠባይ በዘር ይተላለፋል። ዘር እንደ ጽሑፍ ነው። የኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው። የዘር ጽሑፍ ግን 4 ፊደል ብቻ አለው። አንድን ሥራ የሚያዘው የጽሑፉ ክፍል ጂን ይባላል።

ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳይ የወባ ተውሳክ ጽሑፍ 23 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። በየሰከንዱ አንድ ፊደል ብናነብ፣ ቀንና ሌሊት ሳንተኛ 9 ወር ያህል ይፈጅብናል። መሣሪያዎች ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት በቁርጥራጭ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ የተቀደደ ደብዳቤ እንደሚገጣጥም ሰው ቁርጥራጩን ያያይዛል። በዚህ ዓይነት ሙሉው ጽሑፍ በ1995 ዓ.ም. ይፋ ሆነ።

ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚይዙት ተውሳኩ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ከጠፋ መመርመሪያው የሚይዘው ነገር ያጣል። እንዲህ ያለ ተውሳክ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ መኖሩ በ2002 ዓ.ም. ተገለጸ።

በአገራችንም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ። ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ታተመ። ከ100 የፋልሲፓረም ሕመምተኞች 10 ያህሉን መመርመሪያው በዚህ ምክንያት ሊያልፋቸው እንደሚችል ታወቀ። የተውሳኮቹ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲነጻጸር፣ ጂኑ የጠፋበት ተውሳክ በቅርብ ጊዜ በፍጥነት መራባቱ ታየ። ለምን ቢባል፣ የተገኘው ተውሳክ በመድኃኒት ይሞታል፤ የተሰወረው ግን ይተርፋል። ስንዴ የሚመስለው እንክርዳድ ከአራሚ እጅ እንደሚያመልጥ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ የሚታለፉት ከ100 ሕመምተኞች ከ5 ሲበልጡ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። ሌላ ፕሮቲን የሚይዙ መመርመሪያዎች አሉ።

ኮምፒዩተር ብቻውን ምንም አያውቅም። ይህ ሁሉ የተገኘው ሕመምተኞች ከሰጡት ጠብታ ደም ነው። ስለዚህ ትኩሳት ሲይዘን ቶሎ እንመርመር። ምርመራው ወባ የለም ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀን ቤት አንተኛ። ወደ ጤና ጣቢያ ሄደን ደማችን በማይክሮስኮፕ እንዲታይ እንጠይቅ።