በቆዩ ቤቶች ስለሚገባ የምጣድ መስመር

እንደ ይጁቤ ባሉት የጎጃም ከተሞች በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ በለበሱት የቆዩ ቤቶች የሚገኘው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት አምፑል ታስቦ የተዘረጋ ነው። ዛሬ ግን የእንጀራ ምጣድ ይሰካበታል። 3500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ፥ 1.5 እየተባለ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ፥ ይልቁንም በጥምዝ የተቀጠለበት ቦታ፥ ይግላል፤ ልባሱም ሲቀልጥ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ደረቅ እንጨት ሊያቀጣጥል ይችላል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በወፍራም ሽቦ መተካትማ ዘበኛውን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ስለዚህ ባለቤቱ ቤቱን ቀለም ከማስቀባቱ በፊት ለምጣዱ ብቻ የሚሆን የ4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ መስመር ከነማቋረጫው ያስገባ። የምድር ሽቦም አይቅር፤ የምጣዱን ብረት ኤሌክትሪክ ቢያገኘው አደጋው በጋጋሪዋ ላይ ነውና። ከቆጣሪው እስከ ምሰሶው ያለውን ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች እንጂ ሌላ ሰው ሊነካው አይገባም።